ባለእጅና ርስት፦ ቤተ እስራኤል ከአገራችን እንዴት ወጡ?

አቃቂና ቃሊቲ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚለን ፋብሪካ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ወንዙንና የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ ጨርቃ ጨርቁም ብረታ ብረቱም ተተክሎ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የፈለሰ ሰው ሲፈትል፣ ሲሸምንና ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሯል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ይህ ሰው «ወዛደር» ተብሎ ተወደሰ፤ መዶሻው በየሰልፉ ከፍ ብሎ ታየ። ታዲያ በዚያው ዘመን ጎንደር ገጠር ውስጥ ያንኑ መዶሻ የጨበጠ ሰው «ቡዳ» እየተባለ ይፈራ ነበር። አንድ ሙያ፣ ሁለት ስም! በዚህች አጭር ጽሑፍ ቤተ እስራኤል የተባሉት ወገኖቻችን ከዚህ አገር እንዴትና ለምን እንደወጡ ነገሩን ከዚሁ ከመዶሻውና ከመሬቱ አንሥተን ለመመልከት እንሞክራለን።

የነገሩ ሥር ርስት ነው። እንደሚታወቀው በሰሜኑ አገራችን ሰው ሰው የሚባለው በርስቱ ነበር። ትውፊት እንደሚተርከው በ15ኛው ምዕት ዓመት አጤ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ ክርስትና ያልተነሣ ሁሉ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ደነገጉ። «ፈላሻ» የሚለው ስም፣ ማለትም ፈላሲ፣ አገር የለሽ፣ ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በ17ኛው ምዕት ዓመት ደግሞ አጤ ሱስንዮስ በሰሜን ተራሮች የነበራቸውን ኃይል ሰበሩት። መሬት የሌለው ሰው እንግዲህ ምን ይብላ? እጁን ነዋ! ወንዱ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ግንበኛ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። የጎንደር ነገሥታት ግንባቸውን ሲያሠሩ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩበት። የሚያርሰውም ቢሆን በሰው መሬት ላይ ጢሰኛ ሆኖ፣ ለባለርስቱ እየከፈለ ነበር የሚያርሰው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻውን የሚሠራለት ደግሞ ያ ርስት የለሽ ባለእጅ ነው። ቀን ገበያ ላይ ተገናኝተው ዋጋ ይከራከራሉ። ማታ የገበሬው ልጅ ያተኮሰው እንደሆነ ግን «ቀጥቃጩ በላው» ይባላል፤ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ነው ይባላል። በዚህ ክስ የተደበደበም፣ የተገደለም አለ። እውነቱን ለመናገር መራራቁ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ቤተ እስራኤልም በኦሪት የንጽሕና ሥርዓታቸው ከሌላው ጋር አይነካኩም፤ ቢነካኩ በወራጅ ውሃ ይታጠባሉ፤ ስለዚህም «አትንኩኝ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ይሁንና አንዱ መሬትና ዳኝነት በእጁ ይዞ ሲርቅ፣ ሌላው ምንም ሳይኖረው ሲርቅ ነገሩ እኩል አይደለም።

የመሄዱ ሐሳብ የትናንት አይደለም። በ1854 ዓ.ም. ገደማ አባ መሐሪ የተባሉ መነኩሴ ባሕሩ እንደሚከፈልላቸው አምነው፣ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ትግራይ ሲደርሱ ረኀብና በሽታ ፈጃቸው። ከዚያ የ1880ዎቹ ክፉ ቀን መጣ። በ1896 ዓ.ም. ግድም ዣክ ፋይትሎቪች ወደ አገራችን መጡና ወጣቱን ታምራት አማኑኤልን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ወሰዱ፤ ኋላም ታምራት የሚመሩት ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ እሱንም የጣልያን ወረራ አፈረሰው።

1967 ዓ.ም. ግን ከሁሉ የተለየ ነው። የካቲት 25 ቀን ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ ጢሰኛነት ቀረ። በዚያው ዓመት የእስራኤል መንግሥት «የመመለስ ሕግ» ቤተ እስራኤልንም እንደሚጨምር ወሰነ። አንዱ አገር መሬት ሲሰጣቸው ሌላው በር ከፈተላቸው ማለት ነው። ታዲያ መሬቱ ከተገኘ ለምን ሄዱ? አንደኛ፣ መሬቱን የተነጠቀው ባለርስት ቂም ያዘ። ሁለተኛ፣ ጎንደር ደርግ፣ ኢዲዩና ኢሕአፓ የሚታኮሱበት ሜዳ ሆነች፤ ባለእጁ ከሁሉም መሐል ወደቀ። ሦስተኛ፣ ዕብራይስጥ ያስተማረ «ጽዮናዊ» ተብሎ ታሰረ፣ ተገረፈ፤ ከአገር መውጣትም ወንጀል ሆነ። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ በየዓመቱ በስግድ ዕለት ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም የሚጸልዩት ጸሎት ነበረ። ጭቆናው ባይኖር እንኳ ናፍቆቱ ነበረ። የታሪክ ተማሪ ከሁለቱ አንዱን መጣል የለበትም።

እስቲ አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንሳል። የብዙዎች ታሪክ ስለሆነ ስም አንሰጠውም። ዘመኑ 1976 ዓ.ም.፣ አገሩ ወገራ ነው። አባት ወናፉን ለጎረቤት በአደራ ሰጥቶ፣ እናት ያልተተኮሰ ሸክላዋን እንደደረደረችው ትታ፣ ገበያ የሚሄዱ መስለው ይወጣሉ። አያትና ታላቁ ልጅ ይቀራሉ። ሌሊት ይጓዛሉ፣ ቀን ጫካ ይደበቃሉ፤ ሽፍታ ያላቸውን ይወስዳል። ሱዳን ገብተው ገዳሪፍ አጠገብ ኡም ራኩባ ከተባለው የስደተኞች ሰፈር ይደርሳሉ። እዚያም ሃይማኖታቸውን ይደብቃሉ። ትንሿ ልጅ በበሽታ ስትሞት አባት በወጉ እንኳ ሊያለቅስላት አይችልም፤ የለቅሶው ጸሎት ማንነቱን ይነግርበታላ! እንዲህ በመንገድና በሰፈር ያለቁት ወደ 4,000 ይገመታሉ፤ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ምስጢራዊ በረራ ከ6,000 በላይ ሰዎች ተወሰዱ፤ ወሬው ሲወጣ በረራው ተቋረጠ፣ ቤተሰብም ለሁለት ተከፈለ።

የቀሩት አያትና ልጅ እስከ 1982 ዓ.ም. ይጠብቃሉ። በዚያ ዓመት የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ታደሰ፤ ሺሕ በሺሕ ሕዝብ ከጎንደር አዲስ አበባ ገብቶ በኪራይ ቤት እየተጨናነቀ፣ ኤምባሲው ደጅ ተራ ይጠብቅ ጀመር። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኮበለሉ። ግንቦት 16 እና 17 ደግሞ፣ ለመንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ፣ ወንበራቸው በተነቀለ አውሮፕላኖች በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከቦሌ ተነሡ። «ዘመቻ ሰሎሞን» ይኸ ነው። አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 በላይ ጭኗል። ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣ ከለበሱት ልብስ በቀር ይህን ያህል ነገር ሳይዙ ነው የሄዱት። ከአባቶቻቸው አንሥቶ ክርስትና የተነሡት፣ «ፈላሽ ሙራ» የሚባሉት፣ ግን ወደ ኋላ ተተዉ፤ ከእነሱ ወገን ዛሬም ጎንደርና አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ እናትና ወንድሙን ከባሕር ማዶ አድርጎ የሚጠብቅ አለ።

የደረሱትስ ተመቻቸው? በ1988 ዓ.ም. የለገሱት ደም በድብቅ እየተደፋ መሆኑ በጋዜጣ ሲወጣ ኢየሩሳሌም ላይ በቁጣ ሰልፍ ወጡ። እዚህ «ፈላሻ» የተባለው እዚያ «ኢትዮጵያዊ» ተባለ። በጎ ነገርም አለ፤ ስግድ በ2000 ዓ.ም. የአገሩ ብሔራዊ በዓል ሆኖላቸዋል።

ጓደኞቻችን፣ ለክረምት ወደ ጎንደር የምትሄዱ፣ ወለቃ ያለውን የሸክላ ምስል ገዝታችሁ ብቻ አትመለሱ። ከነሱ ጋር ገበያ የዋሉ፣ ማረሻቸውን ያሠሩ ሽማግሎችና አሮጊቶች ገና በሕይወት አሉ። ጠይቋቸው፤ ማን የት ይኖር እንደነበር፣ መሬቱን ማን እንደያዘው፣ «ቡዳ» ያለው ማን እንደነበረ ጻፉ። ያ ቃል ዛሬም በሸማኔውና በቀጥቃጩ ላይ ይወረወራል፤ የሚወረወርበት ሰው ደግሞ ገና አልሄደም።