የሄለና ስድስት ወራት

ሄለናን የቆረቆራት ወርቅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1864 ተስፋ የቆረጡ ወርቅ ፈላጊዎች «እንግዲህ የመጨረሻ ዕድላችን ይኸው ነው» ብለው በቆፈሩት ሸለቆ ቀናቸው። ሄለና ዛሬ የአሜሪካ ሞንታና ግዛት መዲና ናት፤ ዋና መንገዷም «የመጨረሻ ዕድል ሸለቆ» እንደተባለ ቀርቷል። ወርቁ አለቀ፤ ዕድልን መሞከር ግን አልቀረም። በየመጠጥ ቤቱ የፖከርና የኪኖ ቁማር ማሽኖች ተደረደሩ። ተጫዋቹ በአንድ እጁ ቁልፉን ይጫን፣ በሌላው ሲጋራውን ይይዝ ነበር፤ መተርኮሻው ከቢራው አጠገብ ነበር። ከማዶ ብርጭቆ የምታጥበው አስተናጋጅ ባታጨስም ጭሱ ይደርሳት ነበር።

በሰኔ 2002 የከተማዋ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ በሕዝብ መገልገያዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን ከለከለ። መጠጥ ቤቶችና የቁማር ቤቶችም ከክልከላው አላመለጡም። የቤቶቹ ባለቤቶች ግን «ደንበኛ ይሸሸናል» አሉ፤ ሙግቱም ፍርድ ቤት ደረሰ። በታኅሣሥ 3 ቀን የሕጉ አፈጻጸም ታገደ። ሕጉ በሥራ ላይ የቆየው ስድስት ወር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው የሁለት ሐኪሞች ነገር የሚመጣው። ሪቻርድ ሳርጀንትና ሮበርት ሼፐርድ ሕጉ እንዲጸና ከሚሟገቱት ወገን ነበሩ። ከተማዋ ደግሞ ለጥናት የተመቸች ናት፤ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ዙሪያ የልብ ሕመምተኛ የሚያስተኛ ሌላ ሆስፒታል ስለሌለ፣ ደረቱን ይዞ የሚመጣ ሁሉ የሚገባው ወደ ሴንት ፒተርስ ሆስፒታል ነው። ሐኪሞቹ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲውን ስታንተን ግላንትስን ይዘው መዝገቦቹን አገላበጡ። ከሕጉ በፊትና በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በእነዚያው ወራት፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚተኙት የከተማዋ ነዋሪዎች በአማካይ 40 ነበሩ። ሕጉ በሠራባቸው ስድስት ወራት 24 ሆኑ። ከከተማው ውጭ ከሚመጡት ዘንድ እንዲህ ያለ ቅናሽ አልታየም።

ሰው ተገረመ፤ ብዙዎችም አላመኑም። ማጨስ ሳንባን ቀስ እያለ እንደሚበላ ሁሉም ያውቃል፤ የሌላ ሰው ጭስ ግን በወራት ውስጥ ልብን ይነካል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። ማብራሪያው ያለው ደም ውስጥ ነው። ጭሱ ደም የሚያረጉትን ሕዋሳት እርስ በርስ ይበልጥ እንዲጣበቁ ያደርጋል፣ የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳም ያውካል፤ ለዚህ ደግሞ የደቂቃዎች ቆይታ ይበቃል። ቀድሞ የጠበበ የደም ሥር ላለው ሰው አንድ ምሽት ቀላል አይደለም።

ተጠራጣሪዎቹም ያለ ምክንያት አልተነሡም። ከ40 ወደ 24 መውረድ የ16 ሰው ልዩነት ነው፤ በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ቁጥር በአጋጣሚም ሊወዛወዝ ይችላል። በኋላ የበርካታ ከተሞች ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ ቅናሹ ወደ 17 ከመቶ ዝቅ አለ፤ ጨርሶ ለውጥ አላገኘንም ያሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ሆኖም በ2009 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ማስረጃውን መርምሮ ክልከላው ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንደሚቀንስ ደመደመ። የሄለና ጥናት የቀዳሚነት ክብር ይገባዋል፤ ቁጥሩን ለሁሉም ከተማ መለኪያ ማድረግ ግን ከአቅሙ በላይ መጫን ነው።

የሚያስቀው ነገር፣ ሕጉ ባይታገድ ኖሮ ጥናቱ ግማሽ ይሆን ነበር። ቁጥሩ ሲወርድ ብቻ ሳይሆን ጭሱ ሲመለስ የሆነውንም ለማየት የቻሉት፣ ተቃዋሚዎቹ ፍርድ ቤት ስላሸነፉ ነው። ሕጉን ያስጣሉት ሰዎች ሳያውቁ ለሕጉ መሟገቻ የሚሆነውን ማስረጃ አሟሉለት።

ለጊዜው ግን ማስረጃው አላዳነውም። የመጀመሪያው ውጤት ለልብ ሐኪሞች ጉባኤ በቀረበበት በ2003፣ የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ከተሞች የቁማር ማሽን ባለባቸው ቤቶች የጠበቀ ክልከላ እንዳይጥሉ የሚያደርግ ሕግ አወጡ። ጥናቱ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመው በ2004 ነው። በ2005 ሞንታና በመላ ግዛቱ የቤት ውስጥ ማጨስን ከለከለች፤ መጠጥ ቤቶችና የቁማር ቤቶች ግን አራት ዓመት ተጨመረላቸው።

ጥቅምት 1 ቀን 2009 ጊዜው አለቀ። የሄለና መጠጥ ቤቶች ከሰባት ዓመት በፊት ለስድስት ወር ብቻ አንሥተዋቸው የነበሩትን መተርኮሻዎች እንደገና አነሡ፤ አጫሾቹ በሞንታና ብርድ ደጅ ወጡ፤ የፖከር ማሽኖቹ ከጥጋቸው አልተነቃነቁም።