ነጥብ፣ መስመርና ጠለል፤ ከብያኔ ወደ ሕግ

መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ትንሽ ምልክት አድርጎ «ይህ ነጥብ ነው» ባለ ጊዜ፣ ከተማሪዎቹ አስተዋይ የሆነው አንዱ «ነጥብ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። መልሱ በዘመናት እንዴት እንደ ተለወጠ መመርመር፣ እኛም በክፍል ውስጥ ምን ብለን መመለስ እንደሚገባን ለመወሰን ይረዳልና ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት።

በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የጂኦሜትሪ ተንታኝ ፕሮክሉስ እንደ ጻፈው፣ የፓይታጎራስ ተከታዮች ነጥብን የሚገልጹት ሥፍራ ያለው አሐድ ነው በማለት ነበር። ሌሎች ደግሞ ነጥብ የመስመር ዳርቻ፣ መስመር የገጽ ዳርቻ፣ ገጽም የጠጣር አካል ዳርቻ ነው ይሉ ነበር። አሪስቶትል ይህን አካሄድ ነቅፎታል፤ ቀዳሚውን ነገር ከእርሱ በኋላ በሚመጣው መግለጽ የብያኔን ሥርዓት ማፍረስ ነውና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ዩክሊድ በእስክንድርያ ያዘጋጀው፣ «መሠረታውያን» የተባለው ባለ 13 ክፍል መጽሐፍ በ23 ብያኔዎች ይከፈታል። በእነዚህም ውስጥ ነጥብ ክፍል የሌለው፣ መስመር ስፋት የሌለው ርዝመት፣ ቀጥታ መስመርም በላዩ ካሉት ነጥቦች ጋር እኩል የተዘረጋ ሆኖ ተገልጿል። ይሁን እንጂ «እኩል መዘርጋት» ራሱ ብያኔ የሚሻ ነገር ነው። ከዚህም ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው፣ እነዚህ የነጥብና የመስመር ብያኔዎች አንድ ጊዜ ከተነገሩ በኋላ በማረጋገጫዎቹ ውስጥ ሥራ ሲሠሩ አለመታየታቸው ነው። ማረጋገጫዎቹን የሚሸከሙት፣ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው ቀጥታ መስመር ማስመር እንደሚቻል የሚፈቅደውና እርሱን የመሳሰሉት መነሻ ሕጎች ናቸው።

አርኪሜድስ፣ ዳርቻቸው አንድ ከሆነ መስመሮች ሁሉ አጭሩ ቀጥታው መሆኑን እንደ መነሻ ወስዶ ነበር። ፈረንሳዊው ለዣንድርም እ.ኤ.አ. በ1794 ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ ይህንኑ ብያኔ አደረገው። አነጋገሩ ለተማሪ ይቀላል፤ ዳሩ ግን የጎባጣ መስመር ርዝመት ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት፣ ቀጥታ መስመርን ከማስረዳት የከበደ ነው።

የብያኔው ድካም በዚህ አላበቃም። ዩክሊድ በመጀመሪያው አንቀጹ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑትን ጎነ ሦስት ሲሠራ፣ ሁለት ክቦች እንደሚገናኙ የተቀበለው ከሥዕሉ እንጂ ከሕጎቹ አይደለም። ቃል ያልሰጠውን ዐይን አበደረው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 ሎባቸቭስኪ፣ በ1832 ደግሞ ቦያይ የዩክሊድን የትይዩ መስመሮች ሕግ በሌላ የሚተካ ጂኦሜትሪ ባሳተሙ ጊዜ ግን፣ ዐይን ብቻውን በቂ ምስክር ሊሆን እንደማይችል ግልጽ እየሆነ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1882 ጀርመናዊው ሞሪትስ ፓሽ መፍትሔውን በግልጽ ተናገረ። መነሻ የሆኑት ጽንሰ ሐሳቦች ብያኔ አይሰጣቸውም፤ ማረጋገጫም በሥዕል ላይ ሳይደገፍ በተነገሩት ሕጎች ብቻ መቆም አለበት አለ። ለምሳሌ በጎነ ሦስት አንድ ጎን በኩል የገባ መስመር በሌላው በኩል መውጣቱን ማንም በዐይኑ ያየዋል፤ ፓሽ ግን ይህን እንደ ሕግ ጽፎ አኖረው።

ዳቪድ ሂልበርት እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው የጂኦሜትሪ መሠረት መጽሐፉ ይህን መንገድ ከፍጻሜ አደረሰ። ነጥብ፣ መስመርና ጠለል የሚባሉ ሦስት ዐይነት ነገሮች እንዳሉ ብቻ ይናገራል እንጂ ምንነታቸውን አይገልጽም። ከዚያም በአምስት ምድብ የተከፈሉ ሕጎችን ይደነግጋል፤ እነዚህም ስለ መገናኘት፣ ስለ ቅደም ተከተል፣ ስለ እኩልነት፣ ስለ ትይዩነትና ስለ ቀጣይነት የሚናገሩ ናቸው። ቀደም ሲል በ1891 ከጓደኞቹ ጋር በበርሊን ባቡር ጣቢያ ሲጨዋወት፣ በነጥብ፣ በመስመርና በጠለል ፈንታ ጠረጴዛ፣ ወንበርና የቢራ ኩባያ ብንልም ጂኦሜትሪው መቆም አለበት ማለቱ ይነገራል። የሎጂክ ሊቁ ፍሬገ ግን በጻፈለት ደብዳቤ፣ በእንዲህ ያለ ብያኔ የኪሴ ሰዓት ነጥብ መሆን አለመሆኑን ማወቅ አልችልም ሲል ተቃወመው።

የፍሬገ ቅሬታ ተገቢ ቢመስልም፣ የሂልበርት ኃይል ያለው እዚያው ላይ ነው። ሦስት ሰዎችን «ነጥብ»፣ ከእነርሱም ሁለት ሁለቱ የሚያቋቁሟቸውን ሦስት ኮሚቴዎች «መስመር» እንበላቸው። ሁለት ነጥቦች አንድ መስመር ብቻ ይወስናሉ የሚለው ሕግ በኮሚቴዎቹም ላይ ይሠራል። ስለዚህ ከዚህ ሕግ ብቻ የተረጋገጠው ሁሉ፣ ስለ ጠመኔ መስመርም ሆነ ስለ ኮሚቴ እውነት ይሆናል።

እንግዲህ ለጠያቂው ተማሪ ክፍል የሌለውን ነገር አስመልክቶ የተነገረውን ቃል በደብተሩ አስጽፎ ማለፍ፣ ሥራ የማይሠራ ቃል ማሸከም ነው። ይልቁንም እውነቱን እንንገረው። በሰሌዳው ላይ ያለው የነጥብ ሥዕል እንጂ ነጥብ አይደለም። ቃል በቃል ሲፈታ፣ ፈቺው ቃል ደግሞ ሌላ ፈቺ ይሻል፤ ይህም አንድ ቦታ ላይ መቆም ስላለበት ጂኦሜትሪ በእነዚህ ሦስት ቃላት ላይ ይቆማል። ስለ እነርሱ የምናውቀው እርስ በርሳቸው የሚገናኙበትን ሕግ ነው። ይህ መልስ የመምህሩን ዕውቀት አያሳንስም፤ ሊቃውንቱ ከረጅም ድካም በኋላ የደረሱበት እርሱ ነውና።