ብረት ያልገባበት ማኅደር

ኦስሎን አንዱ መቀመጫው ባደረገው የሾየን የጥንታዊ ጽሑፎች ስብስብ ውስጥ የግዕዝ ብራናዎችም ይገኛሉ። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በአውሮፓ ሲመዘገቡ የቅጠሉ ብዛት፣ የጸሐፊው ስም፣ የሐረጉ ዓይነት ይዘረዘራል። መጽሐፉ ሲታነገት የኖረበት የቆዳ ከረጢት፣ ማኅደሩ፣ አብሮ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው አንድ መስመር ነው። ለኢኮኖሚ ታሪክ ግን ከመጽሐፉ ያላነሰ ይናገራል።

ማኅደር በመጽሐፉ ልክ ይሠራል። ወፍራም ቆዳ ተቆርጦ በወስፌ ይበሳና በቀጭን ጠፍር ይሰፋል። ማንገቻው ከጎኑ ተነሥቶ በክዳኑ ግራና ቀኝ ያልፋል፤ ክዳኑም በጠፍሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ተለይቶ አይወድቅም። ኩላብ ላይ ሲሰቀል ወይም በትከሻ ሲያነግቱት ጠፍሩ ይወጠርና ክዳኑን ይይዘዋል። ዘለበት የለው፣ ማጠፊያ የለው፤ የሚዘጋው የመጽሐፉ ክብደት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። (የመንገደኛ አገልግልም ክዳኑ የሚታሰረው በጠፍር ነው።)

ብረት ማቅለጥ ብዙ ከሰል ይፈጃል፤ የተገኘውም ብረት ለማረሻና ለማጭድ ይፈለግ ነበር። ቆዳ ግን በየደጁ ነበረ። ንድፉ ውዱን ግብዓት ትቶ በርካሹ ላይ የእጅ ጥበብ ጨመረበት። የዚህን ርካሽነት ዋጋ የከፈለው ፋቂው ነው። በብራናው ላይ የጸሐፊውና የአስጻፊው ስም ሲሰፍር የእርሱ አይሰፍርም፤ «ፋቂ» መባል ራሱ ስድብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብዙዎቹን ከመሬትና ከጋብቻ ያገለለው ልማድ ግን በአዋጁ አልተነሣም።

ከመቶ ዓመት በኋላ መንግሥት ወደ ቆዳው የተመለሰው በታክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 567 ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ እንዲከፈልበት ደነገገ። የታሰበው እሴት በአገር ውስጥ እንዲጨመር ነበር፤ የጥሬ ቆዳ ዋጋ ሲወርድ የሚጎዳው አርብቶ አደሩና ገበሬው መሆኑ ብዙም አልተወራም። የቦርሳው ዚፕና ዘለበት ደግሞ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። የባንክ ወረፋ ሲረዝም የአገር ቆዳ የውጭ ዚፕ እየጠበቀ ይቀመጣል። በጠፍር ብቻ የሚዘጋ ትንሽ ቦርሳ የሚሰፋ የአዲስ አበባ ባለሙያ ከዚህ ወረፋ ውጭ ነው፤ ለኦስሎ ገዢ የሚያቀርበውን ዋጋ የሚወስኑት እጁና የቆዳው ጥራት ናቸው። የበጉና የፍየሉ ቆዳ በእከክ ተበልቶ ከደረሰው ግን አዋጁ የሚያደርግለት ነገር የለም።