ስሙ ቀረ፣ ብዕሮቹ ሄዱ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ፖላንድ ውስጥ ለንባብ የበቃው ወግ አጥባቂ ሳምንታዊ የፖለቲካ መጽሔት ግን ስሙን ያገኘው ከፊደል ግድፈት ነው፤ ያውም ሆን ተብሎ ከተፈጸመ ግድፈት። «ኡቫዣም ዤ» ይባል ነበር፤ «እኔ የማስበው...» እንደ ማለት ነው። እኛ «ሰ»ን እና «ሠ»ን በአንድ ድምፅ እንደምናነብ ሁሉ በፖላንድ ቋንቋም ድምፃቸው አንድ፣ አጻጻፋቸው ሁለት የሆኑ ፊደላት አሉ። አዘጋጆቹ «ዤ»ን ማንኛውም ተማሪ በቀይ እስክሪብቶ በሚታረምበት አጻጻፍ ጻፉት። መጽሔቱ የወጣው «ዤችፖስፖሊታ» ከተባለው ታዋቂ ዕለታዊ ጋዜጣ ቤት ስለነበር የጋዜጣውን የመጀመሪያ ፊደላት መዋሳቸው ነው።

መጽሔቱ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ሺህ ቅጂ በላይ ይሸጥ ጀመር። ዋና አዘጋጁ ፓቬል ሊሺትስኪ በጊዜው የነበረውን መንግሥት አጥብቀው የሚተቹ ዓምደኞችን ሰብስበው ነበር። የሚያስገርመው፣ መጽሔቱ ሲጀመር ከአሳታሚው ኩባንያ አክሲዮን 49 በመቶው የዚያው የሚተቹት መንግሥት ንብረት መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ግዤጎዥ ሃይዳሮቪች የተባሉ ባለሀብት ኩባንያውን ጠቅልለው ገዙት።

ከዚያ የሆነውን ለመረዳት የስሞሌንስክን አደጋ ማስታወስ ያስፈልጋል። አፕሪል 10 ቀን 2010 ፕሬዚዳንት ሌህ ካቺንስኪን ጨምሮ 96 ሰዎችን የያዘ አውሮፕላን ሩሲያ ውስጥ ተከስክሶ ሁሉም አለቁ። መርማሪዎች አውሮፕላኑ በጭጋግ ውስጥ ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ መብረሩን ቢገልጹም ጥርጣሬው አልጠፋም። ኦክቶበር 30 ቀን 2012 ጋዜጣው በስብርባሪው ላይ የፈንጂ ቅሪት ተገኘ ብሎ ጻፈ። ወታደራዊው ዐቃቤ ሕግ በዕለቱ አስተባበለ። ባለቤቱም የጋዜጣውን ዋና አዘጋጅና የዜናውን ጸሐፊ ጨምሮ ሰዎች አሰናበቱ። በኖቬምበር መጨረሻ ደግሞ ተራው የሊሺትስኪ ሆነ።

ዓምደኞቹ አብዛኞቹ ተከትለዋቸው ወጡ። ዜናው ልክ አልነበረም፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ነገር ግን ለአንድ ጋዜጣ ስህተት የሌላ መጽሔት ቤት መፍረሱ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ባለቤቱ የገዛው ምን እንደሆነ ካለመገንዘብ የመጣ ነው። ስሙ፣ ማኅተሙ፣ ጠረጴዛው የእርሱ ነበር። አንባቢው ግን አልነበረም። አዲስ አዘጋጅ ተሹሞ መጽሔቱ ቢቀጥልም ሽያጩ አሽቆለቆለ፤ ወርኃዊ ሆነ፤ ኋላም ከገበያ ጠፋ።

የሄዱት ለሁለት ተከፈሉ። ካርኖቭስኪ የተባሉት ወንድማማቾች በ2012 መጨረሻ «ቭ ሺዬቺ»ን ጀመሩ። ሊሺትስኪ በጃንዋሪ 2013 «ዶ ዤቺ»ን አወጡ፤ «ወደ ቁም ነገሩ» ማለት ነው። እዚህም ውስጥ ያቺው «ዤ» አለች! ስሙን ለባለቤቱ ትተው ፊደሏን ይዘዋት ወጡ።

ታዲያ ከባለሀብት እጅ ወጡ ማለት ነው? «ዶ ዤቺ» የተወለደው ከሌላ አሳታሚ ኩባንያ ጋር በሽርክና ነው። በ2015 የሚደግፉት ወገን ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ የመንግሥት ኩባንያዎች ማስታወቂያ ወደ ሁለቱም መጽሔቶች ይጎርፍ ጀመር። ያ መንግሥት እስከ 2023 ቆየ።