ከግግር በረዶ ሥር የሚቀረጸው ምድር፦ የአንድ ሳይንሳዊ አስተሳሰብ ታሪክ

በሰሜንና በመካከለኛው አውሮፓ ከአካባቢው አለት ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ታላላቅ ድንጋዮች በየሜዳው ተበትነው ይገኛሉ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የነበሩ አብዛኞቹ ሊቃውንት እነዚህን ድንጋዮች ከሩቅ ያመጣቸው ታላቅ የውኃ ጎርፍ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት የተለወጠበትን መንገድ መከታተል ለጂኦግራፊ መምህር ሁለት ጥቅም አለው። በአንድ በኩል የመልክዐ ምድርን አፈጣጠር ያስረዳል፤ በሌላ በኩል ዕውቀት በምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚገነባ ያሳያል።

የአስተሳሰቡ መነሻ ከዩኒቨርሲቲ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1815 ዣን ፒዬር ፔሮደን የተባለ የስዊዘርላንድ ተራራ አዳኝ፣ የሚኖርበት ሸለቆ ቀድሞ በሙሉ በግግር በረዶ ተሸፍኖ እንደ ነበር ለማዕድን መሐንዲሱ ለዣን ደ ሻርፓንቲዬ ነገረው። ማስረጃውም በሸለቆው የሚታዩት ድንጋዮች ውኃ ሊሸከማቸው ከሚችለው በላይ ግዙፍ መሆናቸው ነበር። ሻርፓንቲዬ በመጀመሪያ ሐሳቡን አልተቀበለውም። ይሁን እንጂ መሐንዲሱ ኢግናዝ ቬኔትዝ ጉዳዩን አጥንቶ በ1829 ለስዊስ ሊቃውንት ጉባኤ ሲያቀርብ ሻርፓንቲዬ ራሱ አመነ። እርሱም በተራው በ1836 ሊከራከረው የመጣውን ሉዊ አጋሲዝን አሳመነ። አጋሲዝ በ1837 በኖይሻቴል ባደረገው ንግግርና በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ ታላቅ የበረዶ ዘመን እንደ ነበር ለዓለም አስታወቀ።

በረዶ ምድርን የሚቀርጸው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መፋቅ ነው። በግግሩ ግርጌ የተቀረቀሩ ድንጋዮችና አሸዋ እንደ ሞረድ ሆነው አለቱን ያለሰልሱታል፤ በላዩም ረዣዥም ጭረቶችን ይተዋሉ። ሁለተኛው መንቀል ነው። ውኃ በአለቱ ስንጥቅ ገብቶ ሲረጋ፣ ተንቀሳቃሹ በረዶ ቋጥኙን ፈልቅቆ ይወስደዋል። ከዚህ የተነሣ በረዶው በመጣበት በኩል ለስላሳ፣ በሄደበት በኩል ግን የተሰባበረና ገደላማ የሆነ የአለት ጉብታ ይፈጠራል። ግግሩ የተሸከመውን አፈርና ድንጋይ ሳይለይ ደባልቆ ሲያራግፈው ቲል የተባለው ክምችት ይገኛል። ይህም ክምችት አንዳንድ ጊዜ ድራምሊን የሚባሉትን ሞላላ ኮረብታዎች ይሠራል።

ለረጅም ጊዜ ይህ ሁሉ የሚታወቀው በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላ በቀረው ምልክት ብቻ ነበር። በዚያም ጊዜ በረዶ በጠንካራ አለት ላይ እንደሚንሸራተት ይገመት ነበር። ጂኦፍሬይ ቦልተን በ1979 ያሳተመው የአይስላንድ ጥናት ግን፣ ከአንድ ግግር ጠርዝ አጠገብ ወደ 90 በመቶ የሚሆነው እንቅስቃሴ የመጣው ከሥሩ ካለው ለስላሳ ደለል መዛባት መሆኑን አመለከተ። በ1986 ደግሞ በምዕራብ አንታርክቲካ በሴይስሚክ ሞገድ በተደረገ ምርመራ፣ ፈጣን በሆነ የበረዶ ጅረት ሥር ጥቂት ሜትር ውፍረት ያለውና ውኃ የጠገበ ደለል ተገኘ። እዚያው አንታርክቲካ በሩትፎርድ የበረዶ ጅረት ሥር በ1991፣ በ1997 እና በ2004 የተወሰዱት ልኬቶች ከዚህም የበለጠ አስደናቂ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደለሉ በዓመት ወደ 1 ሜትር ያህል ተሸረሸረ፤ በኋለኞቹ ሰባት ዓመታት ውስጥ ደግሞ 10 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጉብታ ተፈጠረ። ሺህ ዓመታት ይፈጃል ተብሎ ሊታሰብ የሚችለው ሥራ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ የሚታይ ሆነ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በ1971 የታተመ ጥናት በትግራይ ጥንታዊ የግግር በረዶ ደለል መገኘቱን አስታወቀ፤ ከእነዚህ አለቶች አንዱ ክፍል በዕዳጋ ዓርቢ ስም ይጠራል። የዛሬዋ ኢትዮጵያ ጎንድዋና ከተባለው ታላቅ አህጉር ጋር አንድ በነበረችበት፣ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ይህ ምድር ከበረዶ ሥር ነበር። በ2010 የታተመ ሌላ ጥናትም በረዶው የፋቀውና የቀረጸው የአለት ገጽ በዚያው በትግራይ ዳግም ተገልጦ እንደሚታይ ገልጿል። በባሌና በስሜን ተራሮችም ከዚያ እጅግ ዘግይቶ የመጣው የመጨረሻው የበረዶ ዘመን አሻራ አለ።

የዚህ ዕውቀት ፋይዳ ያለፈውን በመተረክ አያበቃም። የአንታርክቲካ በረዶ በምን ፍጥነት ወደ ባሕር እንደሚፈስ፣ የባሕር ወለልም በምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚወስነው በከፊል በግርጌው ያለው የደለልና የውኃ ሁኔታ ነው። ለሥርዓተ ትምህርት አቃጆችም ትምህርቱ ግልጽ ነው። የአልፕስ ሥዕል ብቻ ያየ ተማሪ ስሞችን ይሸመድዳል፤ በአገሩ አለት ላይ ያለውን ጭረት አይቶ የበረዶውን አቅጣጫ የፈለገ ተማሪ ግን ማስረጃ መመዘንን ይማራል። እንዲህ ያለው አለት አንድ ጊዜ ተፈልጦ ከጠፋ ተመልሶ አይገኝምና፣ ምልክቱ ያለባቸውን ስፍራዎች መዝግቦ መጠበቅ መማሪያ መጽሐፍን እንደ መጠበቅ ይቆጠራል። ከአዳኙ ፔሮደን ታሪክ የሚገኘውም ትምህርት ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው ማስረጃ የተገኘው አገሩን በየቀኑ በእግሩ ከሚያዳርስ ሰው ነበር።