ጠማማው መሬትና ሦስት ማዕዘኑ

አንድ አባት ሞቶ ወራሾቹ መሬቱን ሊካፈሉ ተሰበሰቡ እንበል። ድርሻቸው ተወስኗል፤ ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ ግማሹን፣ ሩቡን፣ ስምንተኛውን ለይቶ አስቀምጧል። የመሬቱ ስፋት በትክክል ካልታወቀ ግን ግማሹ የምን ግማሽ ይሆናል? መሬት እንደ ሰጋጃ ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ አይገኝም፤ ወንዝ ይቆለምመዋል፣ ገደል ይቆርጠዋል።

ጥንታውያን ለዚህ አቋራጭ ነበራቸው። በግብፅ፣ በኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከ2000 ዓመታት በፊት የተቀረጸው የመሬት መዝገብ ዘዴውን ያሳየናል። ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ጎኖች ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ፤ የቀሩት ሁለቱም እንዲሁ፤ ከዚያም ሁለቱ ውጤቶች ይባዛሉ። ዘዴው ቀላል ነው። ነገር ግን አራቱም ማዕዘኖች ቀጥ ያሉ ካልሆኑ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ስፋት ያስበልጣል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አራት እንጨቶችን ጫፍ ለጫፍ አስረህ ብትገፋቸው ይንጋደዳሉ። ጎኖቹ ሳይለወጡ ስፋቱ ይለወጣል። ሦስት እንጨቶች ግን አንዴ ከታሰሩ አይንጋደዱም። ሦስት ጎኖቹ የታወቁ ሦስት ማዕዘን ስፋቱ አንድ ብቻ ነው።

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813-833 እ.ኤ.አ.) የጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ የመጣው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። በውርስ፣ በክፍፍል፣ በሙግት፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬትና በቦይ ቁፋሮ ሰዎች የሚያስፈልጋቸውን ሒሳብ ማቅረቡን በመግቢያው ይናገራል። ጎኑም ማዕዘኑም የተዛባ መሬት ሲያጋጥም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መስመር አስምሮ ወደ ሦስት ማዕዘን መመለስን ያስተምራል።

እርሱ ያሰላው ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ 13፣ 14 እና 15 ናቸው። ከጫፉ ወደ 14ቱ ጎን የሚወርደው ቀጥ ያለ መስመር የት እንደሚያርፍ አይታወቅም፤ ያልታወቀውን ርቀት «ነገር» ብሎ ሰየመና በአልጀብራ ፈለገው። 5 ሆነ። ቁመቱ 12፣ ስፋቱም 84 ወጣ።

አሁን ጎኖቹ በተራ 13፣ 15፣ 13፣ 15 ክንድ የሆነ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያለው አንዱ ርቀት 14 ክንድ የሆነ መሬት እንውሰድ። በአቋራጩ 13 ጊዜ 15፣ 195 ካሬ ክንድ ነው። ለሁለት ሦስት ማዕዘን ሲከፈል ግን 84 እና 84፣ በድምሩ 168 ነው። ይህን መሬት «195 ነው» ተብሎ የተረከበ የቲም 27 ካሬ ክንድ ተወሰደበት ማለት ነው፤ ወሳጁም ሰው ሳይሆን የተሳሳተ ሒሳብ ነው።

ባለ አምስት ጎን መሬት በሦስት፣ ባለ ስድስት ጎን በአራት ሦስት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ ምንጊዜም ከጎኖቹ ቁጥር ሁለት ይቀነሳል። ኦይለር የተባለው የአውሮፓ ሊቅ በ1751 እንዳሳየው፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ያልገባ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ በ14 መንገዶች ሊከፈል ይችላል። በየትኛውም ቢከፈል ድምሩ አንድ ነው። ስለዚህ ሁለት ለኪዎች በተለያየ መንገድ ለክተው መተራረም ይችላሉ።

የአል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ግማሽ ያህሉ ስለ ውርስና ኑዛዜ ነው። ሦስት ማዕዘኑን ያስጠናው የባለ ድርሻው ሐቅ ነበር።