የጉልበት መስመር ቅየራ

የጉልበት መስመር ቅየራ ማለት ከሞተር የሚወጣውን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሱትን የአሮጌ መኪና ክፍሎች አውጥቶ፣ ከሌላ መኪና በተገኙ ወይም ለዚሁ ተብለው በተሠሩ የተሻሉ ክፍሎች መተካት ነው። በአውስትራሊያና በአሜሪካ ጋራዦች «ድራይቭትሬይን ስዋፕ» ይባላል። «ኃይል አስተላላፊ» የሚለው የመማሪያ መጻሕፍት አጠራር አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ካምቢዮውን ብቻ ስለሆነ፣ ከፍሪሲዮን እስከ ጎማ ላለው ሰንሰለት በሙሉ «የጉልበት መስመር» የሚለው ይስማማል። መካኒኩም ቢሆን «ሞተሩ ጉልበት አጣ» ይላል እንጂ «ኃይል አጣ» ሲል ብዙም አይሰማም። ቅየራ ከጥገና ይለያል። ጥገና የተበላሸውን ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ ቅየራ ፋብሪካው ለዚያ መኪና ያላሰበውን ዕቃ ያስገባል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

መስመሩ ከሞተሩ ጀርባ ይጀምራል። ፍሪሲዮን ጉልበቱን ይይዛል፣ ይለቃል። ካምቢዮ በማርሾቹ ፍጥነትን ከጉልበት ጋር ያመዛዝናል። በክሮቼራ (በማዕዘን ታጥፎ በሚዞር መጋጠሚያ) የተያያዘው ረጅም ዘንግ ከሥር ወደ ኋላ ይወስደዋል። ዲፈረንሻል ደግሞ ሦስት ሥራ አለው፦ የዘንጉን ዙረት በቀጤ ማዕዘን አጥፎ ወደ ጎማዎቹ ያዞራል፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛል፤ መኪናው ሲታጠፍ የውጩ ጎማ ከውስጡ ቀድሞ እንዲዞር ይፈቅዳል። ከእሱ ወዲያ ያሉት ሴሚያሶቹ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማዎቹ የሚወጡት ዘንጎች) እና ጎማዎቹ ብቻ ናቸው።

ሥራው በደንብ የሚታይበት አንዱ ቦታ ከሜልበርን ወደ ጂሎንግ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዌሪቢ ናት። አካባቢው የአውስትራሊያ መኪና ታሪክ ያለፈበት ነው። የመጀመሪያውን ሆልደን፣ 48-215 የተባለውን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ቺፍሊ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1948 ለሕዝብ ያሳዩት በዚሁ በሜልበርን፣ ፊሸርማንስ ቤንድ ላይ ነበር። ፎርድ በጂሎንግ ሞተር ሲሠራ፣ በሜልበርን ሰሜናዊ ጫፍ በብሮድሜዶስ ደግሞ ፋልከንን ሲገጣጥም ኖሯል። የቶዮታ ፋብሪካ በአልቶና፣ ከዌሪቢ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ፎርድ በኦክቶበር 2016፣ ቶዮታና ሆልደን በኦክቶበር 2017 ማምረት አቆሙ። ፋብሪካዎቹ ቢዘጉም በየጓሮው የቆሙት ፋልከኖችና ሆልደኖች አሉ። ዕቃቸውም ዛሬ የሚገኘው በዋናነት መኪና በትነው ከሚሸጡ ግቢዎች ነው። አዲስ አበባ ላይ የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ የሆነውን ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው የእነዚህን ግቢዎች አሠራር ለመረዳት አይቸገርም።

የ1948ቱ ሆልደን 2.15 ሊትር፣ 6 ሲሊንደርና 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበረው። ካምቢዮው ባለ 3 ማርሽ ሲሆን፣ አንደኛው ማርሽ ፍጥነት አስተካካይ ቀለበት (ሲንክሮናይዘር) ስለሌለው መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ለማስገባት ሲሞከር ይንገጫገጫል። የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 3.89 ነው፤ ይህም ዘንጉ 3.89 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ዲፈረንሻሉ ጉልበታም ግን ዘገምተኛ፣ ሲያንስ ፈጣን ግን ደካማ ይሆናል። ትልቅ ቁጥር ትልቅ ፍጥነት የሚመስላቸው ጀማሪዎች በዚህ ተሳስተው ዕቃ ይገዛሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ጎማው በደቂቃ 833 ጊዜ ይዞራል። የላይኛው ማርሽ ቀጥታ፣ ማለትም አንድ ለአንድ ከሆነና ዲፈረንሻሉ 3.89 ከሆነ፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,240 ያህል መዞር ግድ ይለዋል። ለአሮጌ ሞተር ይህ ጩኸትም ነው፣ ነዳጅም ነው። ዲፈረንሻሉ ወደ 3.36 ቢቀየር ዙረቱ ወደ 2,800 ይወርዳል። ዲፈረንሻሉ ሳይነካ፣ አምስተኛ ማርሹ 0.80 የሆነ ካምቢዮ ቢገባ 2,590 ገደማ ይሆናል። ሁለቱም አብረው ቢገቡ 2,240 ላይ ይደርሳል።

የመጨረሻው ቁጥር በወረቀት ላይ ያምራል፤ በመንገድ ላይ ግን ለ60 ፈረስ ሞተር የማይሆን ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ወይም ትንሽ ዳገት ሲነካ ሞተሩ ስለሚታነቅ ሾፌሩ ወደ አራተኛ ይመለሳል፤ አምስተኛውም ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንዱን መምረጥ ይሻላል፣ ለተራ አሮጌ መኪናም ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ያሸንፋል። ዲፈረንሻል መቀየር የማርሾቹን መሰላል በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል፤ ካምቢዮ መቀየር ግን የመረገጫዎቹን ርቀት ይለውጣል። ባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ ለመነሻ ጉልበታም አንደኛ፣ ለረጅም መንገድ ደግሞ የሚያሳርፍ አምስተኛ ይሰጣል። በአሮጌ ሆልደኖች ላይ የቶዮታ ሴሊካ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ለረጅም ጊዜ የተወደደው ለዚህ ነው። ቦርግ ዋርነር የሠራው ቲ5 ሌላው የታወቀ ምርጫ ነው። ከ1988 ጀምሮ በወጡት የኮሞዶር ሞዴሎች ላይ ስለተገጠመ በሜልበርን አካባቢ እንግዳ ዕቃ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በሙስታንግ ላይ ከተገጠሙት የቲ5 ዓይነቶች በአንዱ፣ አንደኛው ማርሽ 3.35፣ አምስተኛው 0.68 ነው።

ዌሪቢ ያለችው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል፣ እሳተ ገሞራ ባነጠፈው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ጂሎንግ አቀበት የሚባል ነገር የለም። እዚያ የሚወጣው ስሌት አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ የሚጎድለው ወደ ሩብ ይጠጋል። 60 ፈረስ የተባለው ሞተር ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ በእጁ የሚቀረው ከ45 ፈረስ ብዙም አይበልጥም። በሜዳ የሚያስደስተው ፈጣን ዲፈረንሻል ይህንን መኪና በሁለተኛ ማርሽ ሲያስለቅስ ይውላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይፈትናል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርደው ቁልቁለት ጉልበታም ምጥጥን በሞተር ስለሚይዝ ፍሬኑን ያሳርፋል፤ ፈጣኑ ግን ሸክሙን ሁሉ ለፍሬን ይተዋል። የኢትዮጵያ ደጋ መኪና ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ቢያገኝ ይጠቀማል፤ ዲፈረንሻሉን ማፍጠን ግን ብዙውን ጊዜ ኪሳራ ነው።

ቮልስዋገን ጥንዚዛ፣ በአማርኛ ቮልስ፣ ሁለቱንም ዓለም የሚያገናኝ ምሳሌ ነው፤ በ1960ዎቹ በሜልበርን ክሌይተን ይመረት ነበር፣ አዲስ አበባም ላይ ዛሬም ይታያል። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ስለሆኑ ምጥጥኑን ለመለወጥ ቤቱን መክፈት ግድ ነው። የ1200 ሞዴሎቹ 4.375፣ የ1500ዎቹ 4.125፣ ከ1973 ወዲህ የወጡት 1600ዎች 3.875 ነበሩ። የኋለኛውን ለፊተኛው መስጠት የተለመደ ቅየራ ነው። ኮሮናው (ትልቁ የዲፈረንሻል ጥርስ) በተሳሳተ ወገን ከተገጠመ መኪናው አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ይኖረዋል። በየጋራዡ እንደ ቀልድ የሚነገር ይምሰል እንጂ በእውነት የሚደርስ ነገር ነው።

ላንድክሩዘርን የመሰለ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ተጨማሪ ሕግ አለው፤ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ምጥጥናቸው አንድ መሆን አለበት። የኋላውን ብቻ ለውጦ አራቱን ማስገባት መስመሩን እርስ በርሱ ያጣላዋል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ከሆነ የሆነ ነገር ይሰበራል።

ከምጥጥን ሌላ የዲፈረንሻሉ ዓይነትም ይቀየራል። ተራው ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ጉልበት ስለሚሰጥ፣ አንዱ ጭቃ ላይ ከሆነ ሌላው የሚያገኘው ጭቃው የፈቀደውን ያህል ብቻ ነው፤ አንዱ በባዶ ይሽከረከራል፣ መኪናው ይቆማል። መፍትሔው «ሊሚትድ ስሊፕ» የሚባለው፣ በአማርኛ «መንሸራተት ገቺ ዲፈረንሻል» ሊባል የሚችለው ነው። በውስጡ ያሉት ሰበቃ ሳህኖች ወይም ጠመዝማዛ ጥርሶች የጎማዎቹ ፍጥነት ከልክ በላይ ሲራራቅ ይይዛሉ። ከዚህ የጠነከረው ሁለቱን ጎማ ፈጽሞ የሚያስተሳስረው ቁልፍ ዲፈረንሻል ነው። በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀው በታመቀ አየር የሚሠራው ኤር ሎከር የሜልበርን ኩባንያ ምርት ነው፤ አንቶኒ ሮናልድ ብራውን በ1975 የመሠረተው ኤአርቢ ንድፉን በ1987 ከሌላ አውስትራሊያዊ አምራች ገዝቶ አሳድጎታል። ገቺው ለከተማና ለዝናብ፣ ቁልፉ ለገጠር መንገድ ይስማማል። ቁልፉን አስፋልት ላይ ዘግቶ መንዳት ግን መሪን ያከብዳል፣ ሴሚያስም ይሰብራል።

ጥንካሬን በሚመለከት አንድ ስሌት በቂ ነው። ሞተሩ 100 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ፣ አንደኛው ማርሽ 3.35፣ ዲፈረንሻሉ 3.89 ሲሆን ሴሚያሶቹ ላይ የሚደርሰው ከ1,300 ይበልጣል። ጉልበቱ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ስለሚባዛ፣ ጠንካራ ካምቢዮ ማስገባት ስብራቱን ወደ ዲፈረንሻል፣ ዲፈረንሻሉን ማጠንከር ደግሞ ወደ ሴሚያስ ይገፋዋል። ትልልቅ ሞተር የሚያስገቡ ሰዎች የፎርድን ባለ 9 ኢንች ዲፈረንሻል የሚሹት ለዚህ ነው። ከ1957 እስከ 1986 የተመረተው ይህ ዲፈረንሻል ስሙን ያገኘው ከኮሮናው ስፋት ሲሆን፣ ውስጡ በሙሉ ከፊት ለፊት ተፈትቶ ስለሚወጣ ምጥጥን ለመለወጥም አያስቸግርም። ለ60 ፈረስ ሞተር ግን ይህን መግጠም ክብደት መጨመርና ገንዘብ ማባከን ነው።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላው የትልቁ ዕቃ ሥራ አይደለም። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር የሚያያዝበት ቤት ቀዳዳው ሌላ ነው፤ የካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ከፍሪሲዮን ሳህኑ ጋር አይገጥምም፤ ጫፉ የሚቀመጥበት ኩሽኔታ ስፋቱ ይለያል፤ የማርሹ ዱላ ወለሉ ባልተበሳበት ቦታ ይወጣል። ረጅሙ ዘንግ ተቆርጦ እንደገና ሚዛን ይሠራለታል። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። ክሮቼራ በማዕዘን ሲዞር የሚያወጣው ፍጥነት በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ይህንን የሚያጠፋው የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ማዕዘን እኩል ሲሆን ነው። እኩል ካልሆነ መኪናው በተወሰነ ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቱም ጎማ ሲያስመዝን ይከርማል።

ኮሮናና ፒኞን (ትንሹ ነጂ ጥርስ) አንድ ላይ ተፋጭተው የወጡ ጥንዶች ስለሆኑ ከሁለት መኪና አቀላቅሎ መግጠም አይቻልም። በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት በብዙ ዲፈረንሻሎች ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ በመለኪያ ይታያል፣ ጥርሱ ላይ በሚቀባ ቀለምም አነካኩ ይመረመራል። ከጠበበ ይግላል፣ ከሰፋ ያንኳኳል። ልምድ ያለው ሰው በድምፁ ይለየዋል፤ በድምፁ በሚለየው ጊዜ ግን ጥርሱ ቀድሞ ተበልቷል።

የፍጥነት መለኪያው ሊረሳ የማይገባው ነው። በአሮጌ መኪኖች መለኪያው የሚነዳው ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ነው። ስለዚህ አምስተኛ ማርሽ መጨመሩ ብቻውን አያዛባውም፤ ዲፈረንሻል መቀየር ግን ያዛባዋል። ከ3.89 ወደ 3.36 የተለወጠ መኪና መለኪያው 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 116 ይጠጋል። የፍጥነት ካሜራ በበዛበት በቪክቶሪያ ይህ ስህተት በቶሎ የቅጣት ወረቀት ይዞ ይመጣል። በካምቢዮው ውስጥ ያለውን ትንሽ የመለኪያ ጥርስ መለወጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በቪክቶሪያ ሕግ ቀላል ለውጦች ያለ ልዩ ፈቃድ ይፈቀዳሉ፤ ከተወሰነው ልክ የሚያልፉት ግን ቫስ በተባለው ሥርዓት የተመዘገበ መሐንዲስ አይቶ የምስክር ወረቀት ሊሰጥባቸው ይገባል። ወለል ወይም ሻንሲ የሚያስቆርጥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሐንዲሱን ማማከር ይመረጣል፤ የተበየደውን አስፈርሶ ማሠራት ከመጀመሪያው ሥራ ይበልጥ ያስወጣል። ዕድሜው ከ25 ዓመት የበለጠ መኪና በክለብ አባልነት በዓመት ለ45 ወይም ለ90 ቀን ብቻ የሚነዳበት ርካሽ ፈቃድ አለ፤ ብዙ የተቀየሩ አሮጌ መኪኖች መንገድ ላይ የሚወጡት በዚህ ነው።

የሚቀረው ዘይት ነው። አዲሱ ካምቢዮ የአሮጌውን ዘይት ላይፈልግ ይችላል፤ ቲ5 ለምሳሌ የሚሠራው በአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ለዲፈረንሻል የሚሆነው ጂኤል-5 ወፍራም ዘይት የነሐስ ቀለበት ባለው አሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ቢገባ ቀለበቱን ሊበላ ይችላል። ሰበቃ ሳህን ያለው መንሸራተት ገቺ ዲፈረንሻልም የራሱ ቅመም ካልታከለበት መታጠፊያ ላይ ይንቀጠቀጣል። አዲስ ኮሮናና ፒኞን የገባለት መኪና መጀመሪያ ላይ ለአጭር ጊዜ ተነድቶ እንዲበርድ ይደረጋል፣ ከባድ ጭነትም አይጎትትም፤ ከ800 ኪሎሜትር ገደማ በኋላ የተፋቀውን የብረት ብናኝ ይዞ እንዲወጣ ዘይቱ ይቀየራል።